10 ሳንቲ ሜትር የሚከፈት ሞርሳ 54 ሳንቲ ሜትር መስኮት እንዴት ያዘ? ከከዚራ የተገኘ የጥገና ጉዳይ

የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል መጋላ፣ በሌላው በኩል ከዚራ። ከዚራ የባቡሩ ልጅ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰ በኋላ ተነድፎ የተሠራ ሰፈር ስለሆነ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዛፎቹም ባለ ጥላ ናቸው። አሮጌ ቤቶቹ ደግሞ የእንጨት መስኮታቸው ያምራል። ፍሬሙ ውስጥ ቀጫጭን ጣውላዎች ሰያፍ ሆነው ተደርድረዋል። ነፋስ ይገባል፣ ፀሐይ አይገባም። ለድሬ ሙቀት የዚህን ያህል የሚስማማ መስኮት አላየሁም። እየተነቀሉ በአሉሚኒየም ሲተኩ ሳይ ያንገበግበኛል።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ስለተሠራ ጥገና ነው። ከጥገናውም ይበልጥ ስለ አንድ ዕቃ፣ ስለ ተጣጣፊ የሥራ ጠረጴዛና እንጨት ጨምቆ ስለሚይዘው ሞርሳው ነው። ሞርሳው የሚከፈተው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የመስኮቱ ክንፍ ደግሞ 54 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። አናጺው ይህን እንዴት እንደተወጣው በዝርዝር ልጽፍ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ገዝተው «ጠባብ ነው» ብለው ጥግ ላይ የጣሉት ብዙ ሰዎች አሉ።

ሥራው

አናጺው የድሬ የሳቢያን ሰፈር ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ጥገናው የ14 የመስኮት ክንፎች ነበር። ሁሉም መገጣጠሚያቸው ላልቷል፣ አንዳንዶቹም ወደ ጎን ዘመዋል። እንጨቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ምስጥ አልነካውም።

መገጣጠሚያ ለምን ይላላል? እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፣ ሲያገኝ ያብጣል። በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚለወጠው በወርዱ ነው። የመስኮት ፍሬም ጥግ ላይ ደግሞ የአንዱ እንጨት ምላስ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አንዱ ቁልቁል የቆመ፣ ሌላው አግድም የተኛ ስለሆነ በተለያየ አቅጣጫ ይጎታተታሉ። የድሬ ደረቅ ሙቀትና ዝናቡ ይህን በየዓመቱ ሲደጋግሙት አሮጌው ኮላ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ክንፉን ወደ ታች የሚያዘምመው የራሱ ክብደት ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መገጣጠሚያውን ትፈታለህ፣ አሮጌውን ኮላ በመሮ ጠርገህ ታነሳለህ፣ አዲስ ኮላ ትቀባለህ፣ መልሰህ ትገጥምና አጥብቀህ ትይዘዋለህ። ነጩ የእንጨት ኮላ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተጨምቆ መቆየት ይፈልጋል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። አጥብቆ መያዙ ላይ ነው ነገር የመጣው።

በሱቁ ቢሆን አይቸገርም ነበር። ትልቅ ባንኮ (የማይታጠፍ የሥራ ጠረጴዛ) አለው፤ ረጃጅም ሞርሴቶዎችም (እንጨት መጨመቂያዎች) አሉት። እናት ግን መስኮቶቹ ከግቢ እንዲወጡ አልፈለጉም። «ልጄ፣ መስኮት በሌለው ቤት ማደር አልችልም። ጠዋት ያወረድከውን ማታ ስቀልልኝ» አሉት። «እሺ እማማ፣ አንቺ ብቻ አታስቢ» አላቸው። እኔ ለእሳቸው እፈርዳለሁ። በዚያ ሙቀት መስኮት የሌለው ክፍል በላስቲክ ተሸፍኖ አይታደርበትም፤ ክፍት ከተተወም ትንኙ አለ።

ስለዚህ ሥራው በረንዳ ላይ ሊሠራ ነው። በቀን ሁለት ክንፍ። ጠዋት በብርዱ ይጣበቃል፣ ማታ በጥንቃቄ ይሰቀላል፣ እስከ ማግስቱ አይነካም።

ጠረጴዛው

ጠረጴዛውን ያገለገለ ሆኖ ታይዋን ገበያ ነው የገዛው። እግሩ ይታጠፋል፤ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። የላይኛው ፊቱ ሁለት ረጃጅም የእንጨት መንጋጋዎች ናቸው። የኋለኛው አይንቀሳቀስም። የፊተኛው በመዘወሪያ በሚዞሩ ሁለት ቪቴዎች (ጥምዝ ጥርስ ባላቸው ብረቶች) ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለቱ መዘወሪያዎች ለየብቻ ስለሚዞሩ አንዱን ጫፍ ከሌላው አስፍቶ ቀጭንና ወፍራም ጫፍ ያለውን እንጨት ሳይቀር መያዝ ይቻላል። መንጋጋዎቹ ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰኩ አራት የፕላስቲክ መያዣዎችም አሉት።

የዚህ ጠረጴዛ አባት ሮን ሂክማን ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የሠራ ነዳፊ ነው፤ ሎተስ ኤላን የተባለችውን የስፖርት መኪና የነደፈ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጥሩ ወንበር እንደ ባንኮ ተጠቅሞ እንጨት ሲቆርጥ ወንበሩን በመጋዝ አበላሸው። ያ ነገር ጠረጴዛውን እንዲያስብ አደረገው። ኩባንያዎች አንፈልግም ብለው መለሱለት፤ ራሱ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። በኋላ ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1972 ወርክሜት በሚል ስም ማምረት ጀመረና በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጠ። የእኛ አናጺ ጠረጴዛ ዋናው ወርክሜት አይደለም። አሠራሩ ግን ያው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

መጀመሪያ የፕላስቲክ መያዣዎቹን የመጨረሻዎቹ ዳር ቀዳዳዎች ላይ ሰካቸው። ሞርሳው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ 28 ሳንቲ ሜትር ሰጠው። ለመሳቢያ ፊት ይበቃል፤ ለመስኮት አይበቃም።

ቀጥሎ ገመድ ሞከረ። ክንፉን በገመድ ዙሪያውን አስሮ፣ በገመዱ መሀል ዱላ አስገብቶ ጠመዘዘው። ይህ በየሱቁ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ እኔም አልንቀውም። ግን ገመድ ኃይሉን የሚያሳርፈው ጥጎቹ ላይ ነው። የአሮጌውን እንጨት ጠርዝ ይነክሳል። ክንፉ ትንሽ የዘመመ ከሆነም ገመዱ ቀና አያደርገውም፤ እንደዘመመ ያጠብቀዋል።

ሦስተኛው አማራጭ ሽብልቅ ነበር። ወለል ላይ ሁለት ጣውላ ትመታለህ፣ ክንፉን በመሀላቸው ታስቀምጣለህ፣ ቀሪውን ክፍተት በሁለት ተቃራኒ ሽብልቆች ትሞላለህ። ርካሽና ጠንካራ ዘዴ ነው። የበረንዳው ወለል ግን አሮጌ፣ ባለ ጌጥ ንጣፍ ነው። እዚያ ላይ ምስማር የሚመታ ሰው ልብ የለውም።

ስፋትና ጥብቀት ሁለት ነገር ናቸው

እዚህ ላይ አናጺው ረጅም ሞርሴቶውን አስታወሰ። ረጅም ሞርሴቶ እስከ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ቪቴው ግን አጭር ነው። ስፋቱን የሚሰጠው ብረቱ ላይ የሚንሸራተተው ወይም በፒን የሚቆመው ጫፍ ነው። ቪቴው የሚሠራው የመጨረሻዋን ማጥበቂያ ብቻ ነው። ታዲያ ጠረጴዛው ለምን እንዲሁ አይሆንም? የሞርሳው 10 ሳንቲ ሜትር ለማጥበቅ ከበቂ በላይ ነው። የጎደለው ከኋላ፣ ሩቅ ላይ የሚቆምና ወደፊትና ወደኋላ የሚቀያየር ማቆሚያ ነው።

ሁለት 30 በ30 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ ግድግዳቸው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬዎች (ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ባለ አራት ማዕዘን ብረቶች) አስቆረጠ። እያንዳንዳቸው 90 ሳንቲ ሜትር። ሁለቱ አንድ ላይ 3 ኪሎ ገደማ ናቸው። በ45 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የኋለኛው መንጋጋ ላይ ተጋድመው ወደ ኋላ ይረዝማሉ። የፊት ጫፋቸው በሚንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ያልፋል፤ ከእሱ ጋር ግን አይያያዝም። ክንፉ በቱቦላሬዎቹ ላይ ይተኛል።

ብረቱን የቆረጠለት መጋላ ያለ በያጅ ነው። ጠረጴዛውን ሲያይ «አቦ ምን ያደክምሃል? በአንዴ በይጄ ልገላግልህ» አለው።

«ከተበየደ ባጃጅ ውስጥ አይገባማ! የሚፈታ ነው የምፈልገው።»

ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የማይታጠፍ ተጣጣፊ ጠረጴዛ ምን ይሠራል? ባንኮ ከሆነ ሱቅ ውስጥ ሌላ አለው።

ከኋላ የሚቆመው ማቆሚያ ሌላ ቁራጭ ቱቦላሬ ነው። ከሥሩ ሁለት የ12 ሚሊ ፒኖች ወጥተዋል። በረጃጅሞቹ ላይ በተደረደሩት ቀዳዳዎች ይሰካል። ከፊት ደግሞ የሚንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን ረጅም እንጨት) ታሰረ። ሞራሌው ቱቦላሬዎቹን እንዳይገጭ ከሥሩ ሁለት ቦታ ተጠርቧል፤ መንጋጋው ሲሄድ በላያቸው ይንሸራተታል።

አሁን የቀዳዳዎቹ ነገር። በያጁ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃል ብሎ ነበር። አይበቃም። ሞርሳው የሚሄደው 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ10 ማነስ አለበት። አለዚያ በአንዱ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ፣ በሚቀጥለው እጅግ ሰፊ የሚሆንበት፣ ጨርሶ የማይያዝ ስፋት ይፈጠራል። አናጺው 8 ሳንቲ ሜትር መረጠ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀዳዳ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ ሁለተኛው ከ28 እስከ 38፤ ሦስተኛው ከ36 እስከ 46፤ አራተኛው ከ44 እስከ 54፤ አምስተኛው ከ52 እስከ 62፤ ስድስተኛው ከ60 እስከ 70። እያንዳንዱ ከሚቀጥለው ጋር 2 ሳንቲ ሜትር ይደራረባል። የመደራረቡን ጥቅም ይኸው 54ቱ ክንፍ ያሳያል። አራተኛው ቀዳዳ ላይ ልክ 54 ነው፤ ክንፉን ለማስገባት እንኳ ትርፍ ቦታ የለም። አምስተኛው ላይ ግን ሞርሳውን 57 ያህል ከፍተህ ክንፉን በቀላሉ ታስገባና ታጠብቃለህ። የእርስዎ ሞርሳ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቀዳዳዎቹን በየ6ቱ ያድርጓቸው።

የተነቀለው ቪቴ፣ የተነሳው እግር

የመጀመሪያው ቀን ማጥበቂያ አልሄደም። አናጺው ቱቦላሬዎቹን ከመንጋጋው ጋር ያያያዛቸው በእንጨት ቪቴ ነበር። መዘወሪያው ሲጠብቅ ቪቴዎቹ ከመንጋጋው እየተነቀሉ ወጡ።

ለምን እንደተነቀሉ መረዳት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ፍሬ እዚህ ነው። ክንፉ ማቆሚያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚገፋው ግን ከቱቦላሬው ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ማቆሚያው በቀጥታ ወደ ኋላ ከመሄድ ይልቅ አናቱን ወደ ኋላ ሊጥል ይታገላል። ይህ የቱቦላሬዎቹን የኋላ ጫፍ ወደ ታች ይጫነዋል፤ መንጋጋው ላይ ያለውን እስር ደግሞ ወደ ላይ ይነቅለዋል። የክንፉ ክብደትም ይጨመርበታል። የእንጨት ቪቴ ወደ ጎን የሚመጣን ኃይል ይችላል፤ ወደ ላይ ሲነቀል ግን ይሸነፋል፣ በተለይ መንጋጋው ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ወይም ኤምዲኤፍ (በኮላ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ሲሆን።

መፍትሔው ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ቪቴው ቀርቶ መንጋጋውን በስቶ የሚያልፍ የ8 ሚሊ ቡሎን ገባ። ከሥሩ ሰፊ ሮንዴላ (ክብ ስስ ብረት) እና የሚያጠብቀው ዳዶ አለው። በ13 ቁልፍ ይፈታል፤ ሥራው ሲያልቅ ቱቦላሬዎቹ ወጥተው ጠረጴዛው ይታጠፋል። ሁለተኛ፣ የኋለኛው ጫፍ የራሱ እግር ተሰጠው፤ ሁለት እግር ያለው፣ በአንድ አግድም ብረት የተያያዘ ድጋፍ። ያለዚህ እግር ጠረጴዛው ራሱ ወደ ኋላ ይዘም ነበር፤ የፊት እግሩ ከወለል ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስተኛ፣ ማቆሚያው ዝቅ አለ። የክንፉ ውፍረት 35 ሚሊ ነው። ማቆሚያው የክንፉን ጎን በውፍረቱ መሀል ላይ ቢነካው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፍ ማለቱ ትርፉ መጥመም ነው።

ይህም ሆኖ ጥቂት መጥመም አይቀርም። የማቆሚያው አናት ትንሽ ወደ ኋላ ሲሄድ ክንፉን የሚነካው በታችኛው ጠርዙ ብቻ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የክንፉ መሀል ወደ ላይ ይነፋል። አናጺው ሁለት ሞራሌ በክንፉ ላይ አጋድሞ ከቱቦላሬዎቹ ጋር በትንንሽ ሞርሴቶዎች ያዛቸው። ሞራሌዎቹ ኮላው እንዳይጣበቅባቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል።

የርዝመቱ ችግር

ስፋቱ ተፈታ። ክንፉ ግን 130 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ መንጋጋው 60 ብቻ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ያሉት ደግሞ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። መሀሉን ብታጠብቅ ጫፎቹ አይዘጉም።

የዚህን መልስ በጣም ወደድኩት። ሁለት ደረቅ ሞራሌዎች በክንፉ ርዝመት ልክ ተቆረጡ። አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ፣ በማቆሚያውና በክንፉ መካከል ይገባሉ። ቀጥ ያለ ሞራሌ መሀሉ ሲገፋ ጫፎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ስለዚህ አናጺው ክንፉን የሚነካውን ፊት በፒያላ (በእንጨት መላጊያ) መሀሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር አጎደጎደው። አሁን ሞራሌው ክንፉን መጀመሪያ የሚነካው በጫፎቹ ነው። መዘወሪያው ሲጠብቅ ሞራሌው ተለጥጦ ቀጥ ይላል፤ ቀጥ ሲል ጫፎቹ ላይም መሀሉ ላይም ግፊት አለ። ምን ያህል መጎድጎድ እንዳለበት ለማወቅ ያለ ኮላ ማጥበቅና ጫፎቹ ላይ ወረቀት ማስገባት ነው። ወረቀቱ ተስቦ ከወጣ ገና ነው። ካልወጣ ደርሷል።

ክንፉን በሚነካው ፊት ላይ ካላማዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ተለጠፈ። አሮጌ እንጨት በቀላሉ ይሰረጎዳል።

ኮላና ሙቀት

በድሬ ኮላ አይጠብቅህም። ሙቀትና ደረቅ ነፋስ ባለበት ነጩ ኮላ ፊቱ ቶሎ ይደርቃል። ፊቱ ከደረቀ በኋላ የገጠምከው መገጣጠሚያ የተያዘ ይመስላል፣ ግን አልተያዘም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አስቀድሞ በደረቁ ተሞክሮ መቀመጥ አለበት፤ ፒኑ ቀዳዳው ላይ፣ ሞርሳው 57 ላይ፣ ሞራሌዎቹ በቦታቸው። ኮላው ከተቀባ በኋላ የሚቀረው መግጠም፣ ማስተኛትና መዘወር ብቻ ይሁን።

ሁለቱ መዘወሪያዎች ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባሉ ይጠብቃሉ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሄድም፤ መንጋጋው ይጣመማል። ሙሉ በሙሉ ከመጥበቁ በፊት ክንፉ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትሮ ይለካል። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ከሆኑ ክንፉ ቀና ነው። እኩል ካልሆኑ ረጅሙ ልክ ባለበት ጥግ በእጅ ይገፋና እንደገና ይለካል። ብዙዎቹ የዘመሙ ክንፎች የተስተካከሉት በዚህ መንገድ ነው።

ምን ያህል ይጥበቅ? ኮላው በመገጣጠሚያው ዳር እንደ ቀጭን መስመር ብቅ ሲል ይበቃል። መዘወሪያው ላይ ቧንቧ ሰክቶ መታገል የጠረጴዛውን ቪቴ ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። መገጣጠሚያው በእጅ ኃይል ካልተዘጋ ውስጡ አሮጌ ኮላ ቀርቶበታል ማለት ነው፤ ፈትቶ መጥረግ ይሻላል።

አሁን ያለበት

14ቱም ክንፎች ተጠግነው ተሰቅለዋል። እናትም አንድ ሌሊት ያለ መስኮት አላደሩም። መስኮቶቹ በአሉሚኒየም ይተኩ የሚሉትም ሰዎች ዝም ብለዋል። ጠረጴዛው እንደ ድሮው ይታጠፋል፤ ቱቦላሬዎቹና እግሩ በገመድ ታስረው ለብቻ ይጫናሉ። ለመገጣጠም ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ሁለት ነገር ግን ይቀራል። የቱቦላሬው ግድግዳ 2 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ፒኖቹ ቀዳዳዎቹን እያሰፏቸው ነው፤ አምስተኛው ቀዳዳ ከሁሉ ይበልጥ ስለሠራ ሞላላ ሆኗል። አናጺው በየቀዳዳው ላይ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ 12 ሚሊ ቀዳዳ የተበሳበት የብረት ቁራጭ ሊያስበይድ ነው። ይህ ከመጀመሪያው ቢደረግ ይሻላል፤ የሚሠራ ሰው እዚያ ይጀምር። ሁለተኛው የብረቱ ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት በባዶ እጅ አይነካም፤ ስለዚህ ጥላ ይመረጥለታል።

ቀጣዩ ሥራ ሐረር ነው፤ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ ያለ ቤት የ85 ሳንቲ ሜትር በር። ለዚያ 90ው ቱቦላሬ አይበቃም። 120 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሌሎች ተቆርጠዋል፤ ውፍረታቸውም 40 በ40 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሩ ከመስኮቱ ይከብዳላ። ቀዳዳዎቹ ያው በየ8 ሳንቲ ሜትሩ ናቸው።